የጂፒኤሱን ሶኬት ቆርጠህ ከመጣልህ በፊት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እንዳልከው ከጅማ ወደ ጌራና ወደ ሊሙ ገነት በፒክ አፕ ትመላለሳለህ፤ የገበሬዎችን የቡና እርሻ በጂፒኤስ ትመዘግባለህ። ኮረኮንች ላይ ስትደርስ ሲጋራ መለኮሻው ላይ የሰካኸው ሶኬት ይላቀቃል። ጂፒኤሱ ይጠፋል፣ የመዘገበው መስመርም ይቆራረጣል። ጓደኛህ ደግሞ «ሶኬቱን ቁረጠውና ሁለቱን ሽቦ ከቴፑ ሽቦ ጋር አገናኘው» ብሎሃል። ያዋጣል ወይ ነው ጥያቄህ።

በቋሚነት ማሰሩ ጥሩ ሐሳብ ነው። ጓደኛህ ባለው መንገድ ከሆነ ግን ጂፒኤሱ ይቃጠላል። እኔ እዚሁ ጅማ የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። እንዲህ ተቆርጦ የተቃጠለ ዕቃ ይዘው የሚመጡ ሰዎች ያሳዝኑኛል፤ ብዙውን ጊዜ የሚድን ነገር አይኖረውምና።

ያ ሶኬት ዝም ብሎ መሰኪያ አይደለም። ውስጡ ትንሽ ሰርኪት አለ። ከመኪናው የሚመጣውን 12 ቮልት ወደ 5 ቮልት የሚያወርደው እሱ ነው። መስታወት ላይ የሚለጠፉት ጂፒኤሶች አብዛኞቹ በዩኤስቢ ገመድ 5 ቮልት ብቻ ነው የሚቀበሉት። ሞተር ሲነሳ ደግሞ ዲናሞው የመኪናውን ቮልቴጅ ወደ 14 ገደማ ያደርሰዋል። ሶኬቱን ቆርጠህ ስታገናኝ፣ 5 ለለመደ ዕቃ 14 ላክህበት ማለት ነው። የሶኬቱን ጎን ገልብጠህ አንብብ። «ኢንፑት» የሚለው ከመኪናው የሚገባው ነው፣ «አውትፑት» የሚለው ወደ ጂፒኤሱ የሚሄደው ነው። አውትፑቱ 5 ቮልት ካለ አትቁረጠው። ከ10 እስከ 30 ቮልት በቀጥታ የሚቀበሉ ጂፒኤሶችም አሉ፤ እነሱ ግን ጀርባቸው ላይ ተጽፎባቸዋል።

ሁለተኛው ነገር፣ መኪናህን ቮልት በሚለካው መሣሪያ፣ በቴስተር ለካ። ፒክ አፕ ነው ስላልክ 12 ቮልት የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ይህን መልስ ግን አይሱዙና ሲኖትራክ የሚነዱም ስለሚያነቡት ልንገራችሁ፦ ትልልቆቹ የጭነት መኪኖች በብዛት 24 ቮልት ናቸው። «ሁለት ባትሪ ካለው 24 ነው» የሚባለው ሁልጊዜ አይሠራም። ሁለቱ ባትሪዎች በተከታታይ ከታሰሩ 24 ይሆናል። ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ ከታሰሩ ግን 12 ነው፣ የጨመረው አቅሙ ብቻ ነው። ስለዚህ አይንህን ሳይሆን ቴስተሩን እመን። የምትገዛው ኮንቨርተርም (ቮልት የሚያወርድ ዕቃ) ሆነ ቻርጀር «ከ12 እስከ 24» ካላለ ለ24 ቮልት መኪና አታስበው።

አሁን ወደ አሠራሩ። ለአንተ የምመክርህ ምንም ሳትቆርጥ የሚሠራውን ነው። ሴት የሲጋራ መለኮሻ ሶኬት፣ ማለትም ቻርጀር የሚሰካበት ቀዳዳ ያለው፣ ለብቻው ይሸጣል፤ ሁለት ሽቦ አለው። እሱን ከዳሽቦርዱ ጀርባ ሰውረህ ከፊውዝ ሳጥኑ መብራት ትሰጠዋለህ። ከዚያ የጂፒኤሱን የራሱን ቻርጀር፣ ያንን የሚላቀቀውን ሶኬት፣ ትሰካበትና ሁለቱን በፕላስቲክ ማሰሪያ ጥፍር አድርገህ ታስራቸዋለህ። ከዚያ በኋላ ኮረኮንቹ አያላቅቀውም። ቻርጀሩ ቢበላሽ በሌላ ትቀይረዋለህ። መኪናውን ብትሸጥ ነቅለህ ትወስደዋለህ። ጂፒኤሱም ፋብሪካው በሰጠው ቻርጀር እየሠራ ይቀጥላል።

ይህን የምለው በተለይ ጋርሚን የተባለውን ጂፒኤስ ለያዛችሁ ነው። የጋርሚን የመኪና ገመድ ከተራ የዩኤስቢ ገመድ ይለያል። በብዙዎቹ የድሮ ሞዴሎች ላይ ተራ ገመድ ስትሰካ ዕቃው ኮምፒውተር ላይ የተሰካ ይመስለዋል። የኮምፒውተር ሥዕል ያሳይና ካርታውን ትቶ ይቀመጣል። ሰው «ተበላሸ» ብሎ ይጥለዋል፤ ዕቃው ግን ደህና ነው። ሴት ሶኬቱን ከተጠቀምክ ይህ ጣጣ አይነካህም። ቦታ ጠቦህ የግድ ከ12 ወደ 5 የሚያወርድ ኮንቨርተር ካስገባህ፣ ቢያንስ 2 አምፒር የሚችል ይሁን። ጂፒኤሱን ከመሰካትህ በፊትም መውጫውን በቴስተር ለካ። የሚስተካከል ብሎን ያላቸው ርካሽ ኮንቨርተሮች ከሱቅ ሲመጡ 5 ላይ ናቸው ብለህ እንዳታምን።

መብራቱን ከየት እንውሰድ? ክርክር የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣ አለ፣ ቁልፍ ባይኖርም አይጠፋም። ቁልፉ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ሲደርስ የሚመጣ አለ፣ ቴፕ የሚከፍተው ማለቴ ነው። ሞተር የሚሠራበት ደረጃ ላይ ብቻ የሚመጣም አለ። ለአንተ የሚሆነው መካከለኛው ነው። እርሻ ዳር ቆመህ ሞተር አጥፍተህ ነጥብ መመዝገብ ትችላለህ፤ ቁልፉን ስታወጣ ደግሞ ሁሉም ይጠፋል።

«ጂፒኤስ ስንት መብራት ይበላል?» ብለው ከባትሪ በቀጥታ የሚያስሩ አሉ። በሥራ ላይ ሲሆን ግማሽ አምፒር ገደማ ነው፣ ትንሽ ነው። ጂፒኤሱ ጠፍቶም ቢሆን ግን ቻርጀሩ በራሱ ይጠጣል። 20 ሚሊአምፒር ብቻ ነው እንበል። በ24 ሰዓት ወደ ግማሽ አምፒር ሰዓት ይሆናል። መኪናው አንድ ወር ቢቆም ከ14 አምፒር ሰዓት በላይ ሄደ ማለት ነው። 45 አምፒር ሰዓት የሆነ ባትሪ ሲሶውን ያህል አጣ። ባትሪው አርጅቶ ከሆነ ሞተሪኖውን ማዞር ያቅተዋል። ቆሞ የሚከርም መኪና ያላችሁ ይህን ነገር አትናቁት።

ቁልፉን ለማስነሳት ስታዞር የቴፑ መስመር ለአፍታ ይቋረጣል። ጂፒኤሱ ያልደከመ የውስጥ ባትሪ ካለው ይህን ይችለዋል። ባስነሳህ ቁጥር እንደ አዲስ የሚጀምር ከሆነ የውስጥ ባትሪው ደክሟል። ሽቦውን አትውቀስ።

የፊውዝ ሳጥኑን ክዳን ክፈትና ውስጡ ያለውን ሥዕል እይ። የቴፕ ወይም የሲጋራ መለኮሻ ፊውዝ ፈልግ፤ ብዙ ጊዜ 15 አምፒር፣ ሰማያዊ ነው። የኤርባግ፣ የፍሬንና የሞተር ኮምፒውተር ፊውዞችን አትንካ። ይህን በልምምጥ አልናገርም። ከእነሱ የተቀጠለ ሽቦ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል፤ የሰው ሕይወት ነውና።

ሽቦ ልጠህ ጠምዝዘህ በፕላስተር ከምትጠቀልል፣ ፊውዙ ቦታ ላይ ገብቶ ተጨማሪ መስመር የሚያወጣውን መቀጠያ ግዛ። ሁለት ፊውዝ ይይዛል። አንዱ የድሮው ነው፣ ሁለተኛው የአንተ። ለጂፒኤስ 2 ወይም 3 አምፒር ይበቃል፤ ካጣህ 5 አድርግ። ሲገባ አቅጣጫ አለው። የድሮውን ፊውዝ አውጥተህ፣ ቁልፉን ከፍተህ ሁለቱን ቀዳዳ ለካ፤ አንደኛው ብቻ ነው መብራት ያለው። የመቀጠያው ሁለቱ ፊውዞች የሚገናኙበት እግር እዚያ ቀዳዳ ውስጥ መግባት አለበት። ከገለበጥከው የአንተም ጭነት በድሮው ፊውዝ ውስጥ ያልፋል።

ፊውዙን ግን ስለ ጂፒኤሱ ብለህ ብቻ አትየው። ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ሽቦህ የሆነ ላሜራ ላይ ተፋፍቆ ቦዲ ቢነካ፣ ፊውዙ ቶሎ ካልተቆረጠ ሽቦው ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ዳሽቦርዱ ውስጥ እሳት ይነሳል። ፊውዙ ሁልጊዜ መብራቱ ከተወሰደበት ቦታ አጠገብ የሚሆነው ለዚህ ነው። ጂፒኤሱ ጋ ያስቀመጥከው ፊውዝ ከፊውዝ ሳጥኑ እስከ እሱ ድረስ ያለውን ሽቦ አያድነውም።

ኔጌቲቩ ቀላል ይመስላል፣ እኛ አገር ግን ብዙ ብልሽት የሚመጣው ከእሱ ነው። ጅማ ዝናቧ ረጅም ነው፣ እርጥበቱ ዝገት ያመጣል። ቀለም የተቀባ ወይም የዛገ ብሎን ላይ ያሰርከው ኔጌቲቭ ዛሬ ይሠራል፣ ክረምት ሲገባ ብልጭ ድርግም ይላል። ከቦዲው ጋር በቀጥታ የተገናኘ ብሎን ፈልግ። ሥሩን በብርጭቆ ወረቀት ጥረገው። ሽቦው ጫፍ ላይ ቀለበት ያለው ተርሚናል ጨምቀህ አጥብቀው። ከጨረስክ በኋላ ትንሽ ግሪስ ቀባው።

ሥራ ከመጀመርህ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ። ለመለካት ብቻ ትመልሰዋለህ። 0.75 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ከበቂ በላይ ነው። ሽቦው በላሜራ ቀዳዳ የሚያልፍ ከሆነ ጎሚኒ (የጎማ ቀለበት) አስገባበት። ከፔዳሎቹና ከመሪው ዘንግ አርቀህ እሰረው፤ ተንጠልጥሎ ፍሬን ሥር የሚገባ ሽቦ አደጋ ነው። በመስታወቱ ጎን ባለው ምሰሶ በኩል ልታሳልፍ ካሰብክ መጀመሪያ እዚያ ኤርባግ አለመኖሩን አረጋግጥ። ምሰሶው ላይ «ኤርባግ» የሚል ጽሑፍ ካለ፣ ወይም ቢጫ ማያያዣ ካየህ፣ በዚያ በኩል አትሂድ። በዳሽቦርዱ ሥር ማለፍ ይሻላል።

ቻርጀሩን ከጂፒኤሱ ጀርባ አታስጠጋው። ርካሾቹ ቻርጀሮች ሬዲዮን ያንጫጫሉ፣ የሳተላይት ምልክትንም ሊያዳክሙ ይችላሉ። አንተ የምትሠራው ጥላ ባለው የቡና ጫካ ውስጥ ነው፤ ቅጠሉ ብቻውን ምልክቱን ይቀንሰዋል። ስትጨርስ ሜዳ ላይ ቆመህ ቻርጀሩ ተሰክቶም፣ ተነቅሎም የሳተላይቱን ጥንካሬ አወዳድር። ልዩነት ካየህ ቻርጀሩን ቀይር።

የመጨረሻው ፍተሻ ቁልፉን አውጥተህ፣ በሮቹን ዘግተህ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቀህ ሴት ሶኬቱ ላይ መለካት ነው። ዜሮ መሆን አለበት። ዜሮ ካልሆነ ፊውዙን የመረጥከው ከማይጠፋው መስመር ነው፣ ቦታ ቀይር። ቁጥር የሚያሳይ ቴስተር ከሌለህ ከኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ አንድ ግዛ፤ በሙከራ አምፑል ብቻ ቮልቴጁን በትክክል ማወቅ አትችልም።

የጂፒኤሱን ሞዴል አልጻፍክም። ሞዴሉን፣ ሶኬቱ ላይ የተጻፈውን አውትፑትና የፊውዝ ሳጥንህን ክዳን ፎቶ እዚሁ ላክልን። የትኛው ፊውዝ እንደሚሻልህ አይቼ እነግርሃለሁ።