መልስ፦ የዲዲ ኮንትራክተር የጭቃ ቤቶች ዝናብን እንዴት ይቋቋማሉ?

ውድ ጠያቂ፣ የጭቃ ቤቶችን ይነድፉ የነበሩት ዲዲ ኮንትራክተር አርክቴክቸር ሳይማሩ እንዴት ለዚህ ሙያ እንደበቁ፣ የጭቃ ቤቶቻቸውም የሰሜን ሕንዷን የሂማቻል ፕራዴሽ ግዛት ከባድ ዝናብ እንዴት እንደሚቋቋሙ ጠይቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1929 አሜሪካ የተወለዱት እኚህ ሴት ሥነ ጥበብ አጥንተው፣ ሕንዳዊ አግብተው ወደ ሕንድ ከሄዱ ከብዙ ዓመታት በኋላ በዚያው ግዛት በካንግራ ሸለቆ ከአካባቢው ግንበኞች ጋር እየሠሩ ሙያውን በራሳቸው ጥረት አዳበሩት።

የቤቶቹ ጥንካሬ ከአሠራሩ ይመነጫል፤ መሠረቱ ከወንዝ ድንጋይ ስለሚነሣ የመሬቱ እርጥበት በፀሐይ የደረቀውን የጭቃ ጡብ በቀላሉ አያገኘውም፣ የጣሪያውም ሰፊ ታዛ ግድግዳውን ከወጀብ ይከልላል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ግን ቤት ከተሠራበት አፈር ጋር ተስማምቶ መኖር አለበት ብለው በማመን ሲሚንቶን በእጅጉ መቆጠባቸው ነው። በ2019 የሕንድ መንግሥት ናሪ ሻክቲ ፑራስካር የተባለውን የሴቶች ሽልማት ሰጥቷቸዋል፤ በ2021 ቢያርፉም፣ አብረዋቸው የሠሩ ወጣት አርክቴክቶች በጭቃ መገንባቱን ቀጥለውበታል።