ስፔንን በመጠነኛ ገንዘብ፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያነሡት አንድ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ለጥቂት ቀናት ወደ አንድ የስፔን ከተማ ጎራ ብሎ፣ ኪስን ሳያራቁቱ፣ አይቶና አርፎ መመለስ የሚቻልበት መንገድ ነው። የሚቀራረቡትን በአንድ ላይ አድርጌ እነሆ መልሻለሁ። ወራቱንና ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሰዓቱን ግን በሀገራችን አቆጣጠር ጽፌዋለሁ፤ ስለዚህ በትኬት ላይ 14፡00 ተብሎ የሚነበበው እዚህ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። በስፔን ከተሞች ብዙ ገንዘብ የሚያድነው ሰዓቱን ማወቅ መሆኑን በራሴ ጉዞዎች ስላየሁ፣ ሰዓትን ደጋግሜ የማነሣው በዚህ ምክንያት ነው።

«እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ፍራንክፈርት ነው። በኖቬምበር የአራት ቀን ዕረፍት አለን፤ ከአውሮፕላን ትኬት ውጭ 700 ዩሮ ይዘናል። ማድሪድን፣ ባርሴሎናንና ሴቪያን በአንድ ጉዞ ማዳረስ እንችላለን?»

ማዳረስስ ትችላላችሁ፤ ማየት ግን አትችሉም። ከአንድ ከተማ ወደ ሌላው በተዘዋወራችሁ ቁጥር ሻንጣ ማዘጋጀቱ፣ ጣቢያ መድረሱ፣ ባቡር መጠበቁና አዲሱ ሆቴል ክፍሉን እስኪሰጣችሁ መቆየቱ ተደማምሮ ግማሽ ቀን ይወስድባችኋል። ሁለት ጊዜ ስትዘዋወሩ ከአራቱ ቀን አንዱ ሙሉ በሙሉ በመንገድ ላይ አለቀ ማለት ነው፤ ለዚያውም የባቡሩ ዋጋ ሳይታሰብ። አንድ ከተማ ምረጡ። ምርጫው ለእኔ ከተተወ ደግሞ በዝርዝራችሁ ውስጥ የሌለችውን ቫሌንሲያን እመርጥላችኋለሁ።

ቫሌንሲያ ብዙውን ጊዜ ከማድሪድም ከባርሴሎናም በዋጋ ትቀላለች፤ ከአውሮፕላን ማረፊያዋ በሜትሮ 3ኛው ወይም 5ኛው መስመር ተሳፍሮ በግማሽ ሰዓት ገደማ መሐል ከተማ መግባት ይቻላል፤ አሮጌው ከተማ በእግር የሚዳረስ ነው። እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው ቱሪያ የተባለውን የአትክልት ስፍራ ነው። በ1957 የቱሪያ ወንዝ ሞልቶ ከተማዋን ካጥለቀለቀ በኋላ ወንዙ አቅጣጫውን ለውጦ በደቡብ በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። በደረቀው የወንዝ መሄጃ ላይ አውራ ጎዳና ሊሠራበት ታስቦ የነበረ ቢሆንም፣ ነዋሪው አጥብቆ በመቃወሙ ወደ 9 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የአትክልት ስፍራ ሆነ። ዛሬ ሰው በጥንቶቹ የድንጋይ ድልድዮች ሥር፣ ድሮ ውኃ ይወርድበት በነበረው ቦታ፣ በብርቱካን ዛፎች መካከል ይንሸራሸራል፤ የሚከፈልም የለም። መንገዱን ተከትላችሁ ወደ ታች ስትወርዱ የዚያው ከተማ ተወላጅ የሆነው ሳንቲያጎ ካላትራቫ የነደፋቸውን ነጫጭ የኪነ ጥበባትና የሳይንስ ከተማ ሕንፃዎች ታገኛላችሁ፤ እነርሱንም ቢሆን ከውጭ ማየቱ ይበቃል።

ስለ ገንዘቡ፦ በኖቬምበር ደኅና የሁለት ሰው ክፍል በግምት ከ80 እስከ 100 ዩሮ ይገኛል። ሦስት ሌሊት ከታደረ በኋላ ለሁለታችሁ በቀን 100 ዩሮ ገደማ ይተርፋችኋል። ዋናውን ምግባችሁን ምሳ አድርጉት። በሥራ ቀናት ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ድረስ ምግብ ቤቶች «ሜኑ ዴል ዲያ» የሚሉትን የዕለቱን ምሳ ያቀርባሉ፤ የመጀመሪያ ሳህን፣ ሁለተኛ ሳህን፣ ጣፋጭ ወይም ቡና፣ ዳቦና ብዙ ጊዜም መጠጥ ጨምሮ ከ12 እስከ 16 ዩሮ ያህል ነው። ያው ምግብ ማታ ተነጣጥሎ ሲታዘዝ እጥፍ ሊደርስ ይችላል።

ይህን ሰዓት ባለማወቄ እኔ ራሴ የተጎዳሁበትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ቫሌንሲያ የገባሁ ዕለት ከቀኑ 12 ሰዓት ላይ በረሃብ እየዞርኩ ብፈልግ የሁሉም ምግብ ቤት ምድጃ ጠፍቷል፤ ማታ 2 ተኩል ሳይሞላም አይበራም። ክፍት ያገኘሁት በር ላይ የምግብ ፎቶግራፍ የተደረደረበት አንድ ቤት ብቻ ነበርና ገብቼ ፓኤያ አዘዝኩ። የመጣልኝ ሩዝ ዳሩ ትኩስ፣ መሐሉ ግን ገና በረዶው ያልለቀቀ ነበር፤ ሂሳቡም በማግስቱ ጥሩ ምሳ ከበላሁበት ሁለት እጥፍ ሆነ። ፓኤያ በትውልድ አገሩ የምሳ ምግብ ነው፤ የቫሌንሲያው በዶሮ፣ በጥንቸልና በፎሶሊያ የሚሠራ ሲሆን፣ ባዘዙ ጊዜ ከባዶ ተጀምሮ የሚበስል ስለሆነ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ መጠበቅን ይጠይቃል። ወዲያው የቀረበ ፓኤያ አስቀድሞ የተሠራ ነው።

ጉዟችሁ ቢገፋ ደግሞ የዲሴምበርን የመጀመሪያ እሁድ ተጠንቀቁ፤ የቫሌንሲያ ማራቶን ስለሚሮጥ ክፍል ይወደዳል። ከተማዋ ለሯጮቻችን ባዕድ አይደለችም፤ ለተሰንበት ግደይ በ2020 የ5,000 ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰን በ14፡06.62፣ በ2021 ደግሞ የግማሽ ማራቶኑን በ1፡02፡52 የሰበረችው እዚያው ነው።

«በለንደን የመኖሪያ ፈቃድ አለኝ፤ ፓስፖርቴ የኢትዮጵያ ነው። ማድሪድ ከምትኖር እህቴ ዘንድ አንድ ሳምንት ለመቆየት ምን ያስፈልገኛል?»

የእንግሊዝ የመኖሪያ ፈቃድ ሸንገን ለሚባሉት፣ የጋራ ቪዛ ላላቸው የአውሮፓ አገሮች ስለማያገለግል ቪዛ ያስፈልግዎታል። ፈቃድዎ የጀርመን፣ የስዊድን ወይም የሌላ የሸንገን አገር ቢሆን ኖሮ ያለ ቪዛ ይገቡ ነበር። ማመልከቻ ከጉዞው እስከ 6 ወር አስቀድሞ ማስገባት ይቻላል፤ ክፍያው ከጁን 2024 ጀምሮ 90 ዩሮ ነው፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና መድንም ግዴታ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በኤፕሪል 2024 ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያ ዜጎች የመደበኛው ውሳኔ መስጫ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን እንዲራዘም፣ ተደጋጋሚ መግቢያ ቪዛም እንዳይሰጥ ስላደረገ፣ ቢያንስ ከሦስት ወር በፊት ይጀምሩ። እጅግ ብዙ ሰው ቀን እያጠረበት ሲጨነቅ ስላየሁ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ።

እህትዎ ዘንድ የሚያርፉ ከሆነ «ካርታ ዴ ኢንቪታሲዮን» የተባለውን የግብዣ ደብዳቤ ከሚኖሩበት አካባቢ ፖሊስ ጣቢያ ማውጣት የእርሳቸው ድርሻ ነው፤ እንዲሁ በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ አይበቃም፤ የሚወስደውም ጊዜ አለ። ቪዛው እጅዎ እስኪገባ ድረስ ገንዘቡ የማይመለስ ትኬት አይግዙ።

«ጉዞዬ ከጾመ ነቢያት ጋር ተገጣጠመ። በስፔን የአሳማ ሥጋ የማይገባበት ምግብ የለም ሲሉ ሰምቼ ተጨንቄአለሁ፤ አራት ቀን ዳቦ ብቻ እየበላሁ ልሰንብት?»

ዋጋ የሚረክስባቸው ወራት፣ ማለትም ኖቬምበር፣ የዲሴምበር መጀመሪያና ፌብሩዋሪ፣ ብዙ ጊዜ ከጾሞቻችን ጋር ስለሚገጥሙ ጥያቄዎ የብዙዎች ነው። ዳቦ ብቻ አይበሉም፤ ነገር ግን ስም እየጠሩ መጠየቅ ይኖርብዎታል።

ምስር ወጥ የለመደ ሰው በምግብ ዝርዝሩ ላይ «ሌንቴሃስ» የሚለውን ሲያይ ደስ ይለዋል፤ ምስር ነውና። ሳህኑ መጥቶ ማንኪያ ሲሰዱበት ግን ከሥር ቀይ ዘይት የለቀቀ ክብ ቁራጭ ይወጣል፤ ቾሪሶ ነው፤ የአሳማ ቋሊማ። ሥጋ እንደሌለው አስቀድመው ጠይቀው «የለውም» ቢባሉም ይህ ሊገጥምዎ ይችላል፤ ምክንያቱም በብዙ ስፔናዊ አነጋገር «ካርኔ» ሲባል የሚታሰበው ጥብስ እንጂ ለማጣፈጫ የገባ ሃሞን (የደረቀ የአሳማ ጭን) ወይም ቾሪሶ አይደለም፤ ሰላጣ ላይ የሚበተነውን ቱናማ ማንም ሥጋ ብሎ አይቆጥረውም። ስለዚህ «ሲን ሃሞን፣ ሲን ቾሪሶ፣ ሲን አቱን፣ ሲን ኡኤቮ፣ ሲን ኬሶ» ብለው አንድ በአንድ ይንገሩ፤ ያለ ሃሞን፣ ያለ ቾሪሶ፣ ያለ ቱና፣ ያለ እንቁላል፣ ያለ አይብ ማለት ነው። ወንድ ከሆኑ «ሶይ ቬጋኖ»፣ ሴት ከሆኑ «ሶይ ቬጋና» ማለቱም በትልልቅ ከተሞች በደንብ ይገባቸዋል።

ከሚበሉት ውስጥ በሴቪያ ስፒናች በሽምብራ፣ በነጭ ሽንኩርትና በከሙን የሚሠራው ወጥ ለእኛ ምላስ የቀረበ ነው። በካታሎኒያ ቲማቲም ታሽቶበት የወይራ ዘይት የፈሰሰበት ዳቦና «ኤስካሊባዳ» የሚባለው የተጠበሰ ደበርጃንና ቃሪያ አለ፤ የኋለኛውን ያለ ዓሣ ይዘዙ። የተጠበሰ ድንች ሲያዙ ነጩን ስልስ ያስቀሩ፤ እንቁላል አለበት። ቹሮስ ከዱቄት፣ ከውኃና ከጨው የሚሠራ በመሆኑ ይበላል፤ የሚጠቀስበት ቸኮሌት ግን ብዙ ጊዜ ወተት ይገባዋል። ቫሌንሲያ ከሄዱ ቹፋ ከሚባል ሥር ተፈጭቶ የሚጠመቀውን ነጭ መጠጥ፣ ኦርቻታን፣ ይቅመሱ፤ ወተት ይመስላል እንጂ የጾም ነው። አብሮ የሚቀርበው ረጅም ዳቦ ግን እንቁላል አለበት።

ሙስሊም አንባቢዎቼ ደግሞ በማድሪድ ላቫፒዬስ፣ በባርሴሎና ራቫል የሚባሉት ሰፈሮች የሐላል ምግብ ቤት የበዛባቸው፣ ዋጋቸውም የማይከብድ መሆኑን ይያዙልኝ።

«በኦገስት ሴቪያ ውስጥ ሆቴል በግማሽ ዋጋ አገኘሁ። ልያዝ?»

አይያዙ። ዋጋው የወረደው ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ነው፤ ከቀትር እስከ ማታ ከክፍልዎ አይወጡም። ያንኑ ከተማ በፌብሩዋሪ ይሂዱበት። በፋሲካቸው ሰሙነ ሕማማትና ቀጥሎ በሚመጣው የፌሪያ በዓል ግን ዋጋው ወደ ሰማይ ይወጣል።

«ለሥራ ስብሰባ ማድሪድ እሄዳለሁ፤ ነፃ የምሆነው ሁለት ምሽት ብቻ ነው። ሙዚየም ለማየት ይበቃኛል?»

በሚገባ ይበቃዎታል፤ ያውም ሳይከፍሉ። የፕራዶ ሙዚየም ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከ12 እስከ ማታ 2 ሰዓት፣ እሁድ ከ11 እስከ 1 ሰዓት በነፃ ይገባል። ሬይና ሶፊያ ከማክሰኞ በስተቀር በሥራ ቀናትና ቅዳሜ ማታ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ነፃ ነው፤ ማክሰኞ ዝግ ነው። ሁለቱ በእግር የሚቀራረቡ ስለሆኑ ለእያንዳንዱ አንድ ምሽት ይስጡ። በፕራዶ ሰልፉ ረጅም ስለሆነ ቀደም ብለው ይቁሙ፤ ከገቡ በኋላም ሁሉን ለማየት አይሩጡ። ወደ 12ኛው ክፍል ቀጥ ብለው ይሂዱና በ1656 የተሣለውን የቬላስኬዝን «ላስ ሜኒናስ» ፊት ለፊት ይቁሙ። ሠዓሊው ብሩሹን ይዞ ወደ እርስዎ ይመለከታል፤ ከኋላ ባለው መስታወት ውስጥ ንጉሡና ንግሥቲቱ ይታያሉ።

በሬይና ሶፊያ የፒካሶ «ጌርኒካ» አለ። ሥዕሉ የተሣለላት የባስክ ከተማ ጌርኒካ በአውሮፕላን የተደበደበችው ኤፕሪል 26 ቀን 1937 ነው፤ ከጀርመን አውሮፕላኖች ጋር የጣሊያንም ነበሩበት። አዲስ አበባ ላይ የየካቲት 12 ጭፍጨፋ ከተፈጸመ ሁለት ወር ከሳምንት መሆኑ ነው። የሞተ ልጇን ታቅፋ ወደ ላይ የምትጮኸውን እናት ሳይ እኔ ሁልጊዜ የማስበው ያንን ነው።

«የፈጣን ባቡር ትኬት ዋጋ በየሰዓቱ ይለያያል። ምን ላድርግ?»

ቀድመው ይግዙ። ከ2021 ወዲህ ከመንግሥቱ የባቡር ድርጅት ከሬንፌ ሌላ ዊጎ፣ ኋላም ኢርዮ የተባሉ ድርጅቶች ስለገቡ ከማድሪድ ባርሴሎና ያለውን 621 ኪሎ ሜትር በሦስት ሰዓት ገደማ፣ ከሳምንታት በፊት ከተገዛ በ20 እና 30 ዩሮ መካከል መጓዝ ይቻላል፤ በመጨረሻው ቀን ግን ከ100 ሊያልፍ ይችላል። ማድሪድ ውስጥ አቶቻና ቻማርቲን የተለያዩ ጣቢያዎች ስለሆኑ የትኛው እንደተጻፈ ያረጋግጡ፤ ሻንጣም ስለሚፈተሽ ከግማሽ ሰዓት በፊት ይድረሱ።

«የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። የ74 ዓመት አባቴን ለሦስት ቀን ባርሴሎና ልወስዳቸው ነው። አትሌቲክስ ይወዳሉ፤ ብዙ መራመድ ግን አይችሉም። ምን ላሳያቸው?»

መጀመሪያ ስለ ጥንቃቄ፦ በሜትሮና ላ ራምብላ በሚባለው ጎዳና ኪስ አውላቂ ይበዛል፤ ቦርሳ ከፊት ይሁን፣ ስልክም በእጅ አይያዝ። «ቲ-ካዥዋል» የተባለው የ10 ጉዞ ትኬት ለሁለት ሰው ስለማይሆን ለየብቻ ይግዙ።

ሳግራዳ ፋሚሊያ የተባለውን ቤተ ክርስቲያን አይተዉ፤ ትኬቱ የሚገዛው በኢንተርኔት ስለሆነ አስቀድመው ይያዙ፤ ማማው ላይ መውጣት የሌለበት ርካሹ ትኬት ይበቃል። ከቀትር በኋላ 10 ሰዓት ገደማ ያለውን መግቢያ ይምረጡ። በምዕራብ በኩል ያሉት መስኮቶች ቀይና ብርቱካናማ ስለሆኑ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወለሉም ምሰሶውም የሰዉም ፊት በዚያ ቀለም ይሞላል። መቀመጫ ስላለ አባትዎ አርፈው ማየት ይችላሉ።

ከዚያ ግን የኦሊምፒክ ሜዳው ወዳለበት ወደ ሞንትዩይክ ኮረብታ ይውሰዷቸው። በ1984ና በ1988 ኢትዮጵያ ከኦሊምፒክ ከቀረች በኋላ የተመለሰችው በ1992 ባርሴሎና ላይ ነበር። ኦገስት 7 ማታ ደራርቱ ቱሉ የ10,000 ሜትሩን በ31፡06.02 አሸንፋ የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች፤ ከደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ሜየር ጋርም እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። በዚያው ሜዳ አዲስ አበበ በ10,000፣ ፊጣ ባይሳ በ5,000 ሜትር ነሐስ አግኝተዋል። አባትዎ ያን ሌሊት የት ሆነው እንደሰሙት ሳይነግሩዎት አይቀሩም።

ዳገቱን በእግር አያስወጧቸው። ከፕላሳ ዴስፓኛ አደባባይ 150 ቁጥር አውቶቡስ እስከ ኦሊምፒክ ሜዳው አቅራቢያ ያደርሳል፤ ሜትሮ የከፈሉበት ትኬትም ያገለግላል። ስታዲየሙ ጨዋታ ወይም ዝግጅት ባለበት ቀን ስለሚዘጋ፣ ከመሄድዎ በፊት መግቢያው ክፍት መሆኑን ያረጋግጡና ሙቀቱ ሳይበረታ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ይሂዱ።