የጋራ ቤታችንን ለማስተዳድር ሚስት ደመወዝ ይከፈለኛል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ጀርመንታውን ያለውን የመጀመሪያ ቤታችንን ሳንሸጥ አከራይተነዋል። ቤቱ በሁለታችንም ስም ነው፣ በወር 2,800 ዶላር ያስገባል። ተከራይ የምፈልገው እኔ ነኝ። ቧንቧ ሲፈነዳ በሌሊት የሚደወለው ለእኔ ነው፣ ሠራተኛ ጠርቼ ቆሜ የማሠራውም እኔ፣ ደረሰኝ የምሰበስበውም እኔ። ባለቤቴ ሁለት ሥራ ስለሚሠራ አልፈርድበትም። ግን ልጆቹን ሳሳድግ ሥራ ካቆምኩ በኋላ በስሜ የሚገባ አንድ ዶላር የለም። በወር 1,000 ዶላር ደመወዝ ይታሰብልኝ ስለው «ከኪሳችን ወደ ኪሳችን» ብሎ ዘጋው። ጓደኛዬ ደግሞ ደመወዙ ከታክስ ስለሚቀነስ ትጠቀማላችሁ አለችኝ። እውነቷን ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ የጓደኛሽ ምክር ለእናንተ አይሆንም። ቤቱ የሁለታችሁ ነው፣ ታክስም አብራችሁ ነው የምትሞሉት ብዬ ልውሰድ። ስለዚህ አንቺ የቤቱ ባለቤት እንጂ ተቀጣሪ አይደለሽም። የአሜሪካ የታክስ መሥሪያ ቤት አይ አር ኤስ ኪራይ የሚሞላበት የስኬጁል ኢ ፎርም መመሪያ ላይ ባለቤት የራሱን ጉልበት ዋጋ እንደ ወጪ መቀነስ እንደማይችል ጽፏል።

ይቻላል እንበልና እናስላው። በዓመት 12,000 ዶላር ከኪራዩ ላይ ይቀነሳል። ያው 12,000 በደብሊው ቱ፣ ማለትም በደመወዝ ማስረጃው ወረቀት፣ ያንቺ ደመወዝ ሆኖ ተመልሶ እዚያው ፎርም ላይ ይገባል። የገቢ ታክሳችሁ ከሞላ ጎደል ባለበት ይቀራል። ደመወዝ ከተባለ ግን የሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት ጡረታ) እና የሜዲኬር (የአረጋውያን ሕክምና መድን) ታክስ ይመጣል፤ የአሠሪውና የሠራተኛው ድርሻ ሲደመር 15.3 በመቶ ነው፣ ይህም በዓመት 1,836 ዶላር። የቤት ኪራይ ግን በተለመደው መንገድ በስኬጁል ኢ ሲሞላ ይህ ታክስ አይነካውም። እና የማይከፈለውን ታክስ ጠርታችሁ ልታስገቡ ነው ማለት ነው።

ባለቤትሽ በታክሱ ልክ ነው። ነገሩን እዚያ ላይ መዝጋቱ ግን ልክ አይደለም፣ ይህን እሱም እንዲያነበው እፈልጋለሁ።

አንቺ የምትሠሪውን ሥራ ለአስተዳዳሪ ድርጅት ብትሰጡት በአብዛኛው ከኪራዩ ከ8 እስከ 10 በመቶ ይወስዳል። በ10 በመቶ በወር 280 ዶላር፣ በዓመት 3,360 ነው። እርግጥ ለድርጅት የሚከፈለው እንደ ወጪ ይቀነሳል፣ ያንቺ ድካም ደግሞ አይቀነስም፣ ይህ ሲሰሙት ያበሳጫል። ግን የተቀነሰው ታክስ ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱን ነው የሚመልሰው፣ ቀሪው ከቤታችሁ ወጥቶ ይሄዳል። አንቺ ስለሠራሽ ያ ገንዘብ እቤት ቀርቷል። ሌላም አለ። ተከራይ መርጦ መቀበል፣ ኪራይ መወሰን፣ ጥገና ማጽደቅ በታክስ ሕጉ በቤቱ አስተዳደር በንቃት መሳተፍ ይባላል። ቤቱ በሒሳብ ኪሳራ ባሳየበት ዓመት፣ የጋራ ገቢያችሁ ከ100,000 ዶላር የማይበልጥ ከሆነ፣ ከኪሳራው እስከ 25,000 ዶላር ድረስ ከሌላው ገቢያችሁ ላይ እንዲቀነስ የሚያደርገው ይህ ተሳትፎ ነው። ገቢው ከዚያ ሲያልፍ መጠኑ እየቀነሰ ሄዶ 150,000 ላይ ያበቃል። ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው ባለበት ቤት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ታዲያ በስምሽ የሚገባ ገንዘብ እንዴት ይኑር? የጡረታ ሒሳብ ክፈቱልሽ፣ አይ አር ኤ የሚባለውን። ብዙ ሰው ሥራ የሌለው ሰው አይችልም ብሎ ያስባል። ባልና ሚስት ታክስ አብረው ከሞሉና የአንዳቸው ደመወዝ የሁለቱንም መዋጮ የሚሸፍን ከሆነ ሥራ የሌላትም በስሟ ማስገባት ትችላለች። የ2025 ጣሪያ 7,000 ዶላር ነበር፣ 50 ዓመት ለሞላው 8,000። አይ አር ኤ በጋራ ስም አይከፈትም፣ የአንድ ሰው ብቻ ነው። ድርጅት ይወስደው የነበረውን 280 ዶላር በየወሩ እዚያ ያስገባልሽ። ይህ ደመወዝ ስላልሆነ 15.3 በመቶው አይመጣም። ስታስገቡ ከታክስ የሚቀነሰው ይሻላል ወይስ ሮዝ (Roth) የሚባለው፣ አሁን የማይቀነሰው ግን በጡረታ ሲወጣ ታክስ የሌለበት፣ እሱ በገቢያችሁና ባለቤትሽ በሥራ ቦታው የጡረታ ሒሳብ ባለው ወይም በሌለው ይወሰናል፣ ታክስ የሚሠራላችሁን ሰው ጠይቁ።

የሶሻል ሴኩሪቲ አካውንትሽንም ከፍተሽ እይ። በራስሽ ለመጦር 40 ክሬዲት፣ ማለትም የ10 ዓመት ሥራ ያስፈልጋል። ልጆቹን ከመውለድሽ በፊት ሠርተሽ ከነበረ የሚጎድልሽ ጥቂት ሊሆን ይችላል። በ2025 የዓመቱን አራት ክሬዲት ለመሙላት 7,240 ዶላር የሥራ ገቢ ይበቃ ነበር፣ የግማሽ ቀን ሥራ ይሞላዋል። ለዚህ ብላችሁ የውሸት ደመወዝ እንዳትጽፉ። ባይሞላም፣ ባለቤትሽ ጡረታውን ሲጀምርና አንቺም ሙሉ የጡረታ ዕድሜሽ ሲደርስ፣ በእሱ በኩል እስከ ግማሹ የሚደርስ ታገኛለሽ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ጀርመንታውን ለቤቱ ጉዳይ ስትመላለሺ ማይሉን ጻፊው። በ2025 በማይል 70 ሳንቲም ይቀነስ ነበር።

ጥያቄ፦ እኔ ከአዲስ አበባ ነኝ። የጋራ ቤታችንን የምታከራየው ባለቤቴ ናት። በወር ደመወዝ ልከፍላት በወረቀት ተፈራርመናል። ውሉ ይጸናል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንዳለ አይጸናም። በ1992 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 73 በትዳር ውስጥ እያሉ ባልና ሚስት የሚያደርጉት ውል ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ውጤት የለውም ይላል። ቢጸድቅም በጋብቻ ውስጥ በሥራ የተገኘ ገቢ የጋራ ሀብት ስለሆነ ደመወዙ ተመልሶ የሁለታችሁ ነው። ሐሳብህን ግን ወድጄዋለሁ፣ ሥራዋን አይተህላታል። ከዚያ ይልቅ የኪራይ ውሉ ላይ ሁለታችሁም ፈርሙ፣ የማይንቀሳቀስ የጋራ ንብረት ለማከራየት የሁለታችሁም ስምምነት ያስፈልጋልና። በ2016 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል፣ ውሉንም ማስመዝገብ አለባችሁ። ኪራዩ የሚገባበትን የባንክ ሒሳብ ደግሞ እሷም በፊርማዋ ማውጣት እንድትችል አድርገው።