ጥያቄና መልስ፦ ሜሪ ሮቢንሰን በአየርላንድ ሴኔት

ርዕሳችን ሮቢንሰን ከ1969 እስከ 1989 በላይኛው ምክር ቤት የቆዩባቸው 20 ዓመታት ናቸው። ዘመኑ በፈረንጅ ነው። ፕሬዚዳንትነታቸው ሌላ ቀን። ጠይቁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ በ25 ዓመት ሴናተር እንዴት ይኮናል? ዘመድ ነበራቸው?

መልስ፦ ዘመድ አይደለም፣ መቀመጫው ነው። ሴኔቱ 60 አባል አለው። 43ቱን የሚመርጡት ራሳቸው ፖለቲከኞች ናቸው። 11ዱን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ይሾማል። 6ቱ ግን የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ድርሻ ነበሩ፤ ከነሱ ሦስቱ የደብሊኑ ትሪኒቲ። ሮቢንሰን እዚያው ሕግ ያስተምሩ ነበር። ምሩቁ በፖስታ ይመርጣል፤ የፓርቲ አለቃ ደጅ መጥናት የለም። የሚገርመው ደግሞ ካቶሊክ ናቸው። ያኔ ቤተ ክርስቲያን ካቶሊክ ያለ ፈቃድ ትሪኒቲ እንዳይማር ትከለክል ነበር፤ ክልከላው የተነሣው በ1970 ነው።

ጥያቄ፦ ፕሬዚዳንት እንዴት ሆኑ?

መልስ፦ ሌላ ቀን ብያለሁ።

ጥያቄ፦ የወሊድ መከላከያውን ሕግ ያሳለፉት እሳቸው ናቸው አይደል?

መልስ፦ አላሳለፉም! ይሄን ስንቴ ልበል። በ1935ቱ ሕግ መከላከያ መሸጥም ከውጭ ማስገባትም ክልክል ነበር። በ1971 ከሴናተሮቹ ከጆን ሆርጋንና ከትሬቨር ዌስት ጋር ማሻሻያ አቀረቡ። ሴኔቱ ረቂቁ እንዲታተም እንኳ አልፈቀደም። ካልታተመ ክርክር የለም፤ ገና ከበሩ መለሷቸው ማለት ነው። የስድብ ደብዳቤ ጎረፈባቸው። ኮንዶም ለአዋቂ ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዲሸጥ የተፈቀደው በ1985 ነው።

ጥያቄ፦ ሴኔቱ እንደኛ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው?

መልስ፦ አይደለም። የኛው ሕገ መንግሥት ይተረጉማል። የነሱ ሕግ ላይ ይከራከራል፣ ቢበዛ ያዘገያል።

አንድ አባል፦ የጃንሆይ ጊዜው የሕግ መወሰኛ ይቀርበዋል።

ሌላ አባል፦ ምኑ ነው የሚቀርበው? ያ እኮ ሙሉ በሙሉ በንጉሡ የሚሾም ነበር።

የመጀመሪያው፦ እነዚያ 11ዱስ ተሿሚ አይደሉም?

ሁለተኛው፦ ከ60 ውስጥ 11 እና ሁሉም አንድ ነው እንዴ ወንድሜ?

መልስ፦ እባካችሁ፣ ወደ ርዕሱ።

ጥያቄ፦ ታዲያ 20 ዓመት ምን ሠሩ?

መልስ፦ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ሴኔት ውስጥ እምቢ ሲባሉ ፍርድ ቤት ይሄዱ ነበር፤ ጠበቃ ናቸው። ጆሲ ኤሪ የምትባል የኮርክ ሴት ከባሏ በፍርድ መለየት ፈልጋ ለጠበቃ የምትከፍለው አጣች። ለእንዲህ ዓይነት ጉዳይ መንግሥት ጠበቃ አያቆምም ነበር። ሮቢንሰን ስትራስቡርግ፣ የአውሮፓ ሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው ተከራከሩላት፤ በ1979 ረቱ። ለድሀ በፍትሐ ብሔር ጠበቃ ማቆም የተጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ሴናተርነታቸውን በወጡ ሕጎች ብዛት የሚመዝን ሰው ይሄን ያልፈዋል።

ጥያቄ፦ ከሌበር ፓርቲ ለምን ወጡ?

መልስ፦ በ1976 ገቡ፣ በ1985 ወጡ። ስለ ሰሜን አየርላንድ በተደረገው የእንግሊዝና የአየርላንድ ስምምነት የሰሜኑ ዩኒየኒስቶች፣ ማለት ከእንግሊዝ ጋር መቆየት የሚፈልጉት፣ አልተማከሩም ብለው።

ጥያቄ፦ ስለ ፕሬዚዳንትነታቸው ቢነግሩን?

መልስ፦ ከላይ ያለውን አንብብ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ደብሊን ነው የምኖረው። ዲግሪዬን ከዚህ ነው ያገኘሁት፣ ግን ትሪኒቲ አይደለም። ሴኔት መምረጥ እችላለሁ?

መልስ፦ የአየርላንድ ዜግነት አለሽ? ከሌለሽ አትችዪም። ካለሽ ስሚኝ። በ1979 ሕዝቡ በሪፈረንደም መብቱ ለሌሎች ተቋማት ምሩቃንም ይስፋ ብሎ ነበር። ፖለቲከኞቹ ተኙበት! በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የድሮውን አሠራር ሻረ፤ በ2024 አዲስ ሕግ ወጣ። አሁን 6ቱ መቀመጫዎች የከፍተኛ ትምህርት ምሩቃን አንድ የምርጫ ክልል ናቸው። የተማርሽበት ተቋም በሕጉ ከተዘረዘሩት አንዱ መሆኑን እዪና ከአሁኑ ተመዝገቢ።