«ልትሞክሩብኝ ነው እንዴ?»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ነርስ ነኝ፤ አሁን አንድ የመድኃኒት ጥናት ላይ እየሠራሁ ነው። የፈቃድ ቅጹን ወደ አማርኛ መልሺ ተብዬ እንዲህ ጻፍኩ፦ «በዚህ ክሊኒካል ሙከራ አዲሱ መድኃኒት ይሞከርብዎታል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ትልቅ ዳታ በመጠቀም ይመርጥዎታል።» ለአንዲት እናት ሳነብላቸው «ልትሞክሩብኝ ነው እንዴ?» አሉና ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡ። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት? ዳታስ መረጃ ነው ወይስ ማስረጃ?

መልስ፦ እናትየው አማርኛ ያውቃሉ። ጥፋቱ ያለው አንዲት «ብ» ላይ ነው።

እስቲ «ፈረደለት» እና «ፈረደበት»ን አስቢ። ዳኛው ያው፣ ግሡም ያው፤ ግን አንዱ ደስ ብሎት ቤቱ ይገባል፣ ሌላው ይግባኝ ሊጠይቅ ይሮጣል። «መሰከረለት»፣ «መሰከረበት»ም እንደዚያው። ግሡ ላይ የምትጨመረው «ለ» ለሰውየው መሆኑን፣ «በ» ደግሞ በሰውየው ላይ መሆኑን ትናገራለች። ሁልጊዜ አይደለም፤ «የጻፍኩበት እስክሪብቶ»፣ «የተወለድኩበት ሰፈር» ስንል ማንም አልተጎዳም፣ እዚያ «በ» የምታሳየው መሣሪያና ቦታ ነው። እንግዲህ «ይሞከርብዎታል» ሲባሉ እናትየው ከሁለት አንዱን ነው የሰሙት፦ ወይ ሊጎዱኝ ነው፣ ወይ እንደ ዕቃ መሞከሪያ ሊያደርጉኝ ነው። እኔም ብሆን እነሣ ነበር።

«ታዲያ ይሞከርልዎታል ልበል?» እንዳትዪኝ። እሱ ደግሞ በሌላ በኩል ይዋሻል። «ልዎ» ጥቅም ቃል ይገባል፤ ሙከራው የሚደረገው ግን መድኃኒቱ ይጥቀም አይጥቀም ገና ስላልታወቀ ነው፣ ከዚያም በላይ ብዙ ጊዜ ከተሳታፊዎቹ ለከፊሎቹ በዕጣ የሚደርሳቸው ነባሩ ሕክምና ወይም ፕላሴቦ፣ ማለትም መድኃኒት የሌለበት አምሳያ ክኒን ነው። ሁለቱንም ተዪና እንዲህ ጻፊ፦ «መድኃኒቱ ይሠራ እንደሆነ ለማወቅ በምናደርገው ጥናት እንዲሳተፉ እንጠይቅዎታለን።» የሚሞከረው መድኃኒቱ ነው፣ የሚሳተፉት እሳቸው። (አንድ ቅጽ ላይ «ተሞካሪ» የሚል አይቻለሁ። ኧረ በሕግ!)

«ይመርጥዎታል»ም ችግር አለበት። መምረጥ ማበላለጥ አለበት፤ ሎተሪ የወጣላቸው ወይም መዓት የመጣባቸው ይመስላቸዋል። ማሽኑ፣ ማለትም ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያልሽው የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ የሚሠራው እኮ ሌላ ነው። የብዙ ሰው የሕክምና መዝገብ አገላብጦ ዕድሜው፣ ሕመሙ፣ የሚወስደው መድኃኒት ከጥናቱ መስፈርት ጋር የሚገጥመውን ሰው ለይቶ ያወጣል፤ ከዚያ ሐኪሙ ያረጋግጣል። ስለዚህ ማሽኑ ይለያል፣ ሐኪሙ ያረጋግጣል፣ የትኛው ሕክምና እንደሚደርስ ዕጣው ይወስናል። ሦስት ሥራ ነው፣ ሦስት ግሥ ይፈልጋል። አንቺ ሁሉንም «መረጠ» ላይ ጫንሽው።

ወደ ዳታ እንምጣ። ከባለሙያ ጋር ከሆንሽ «ዳታ»ም «ቢግ ዳታ»ም በይ፣ ማንም አይቀየምሽም። ከተሜው ዘንድ ግን ዳታ ማለት በስልክ የሚገዛው ነው፣ «ዳታ አልቆብኛል» የምንለው። «የእርስዎን ዳታ እንጠቀማለን» ሲባል ፓኬጄን ሊጨርሱብኝ ነው ብሎ የሚደነግጥ ቢኖር አልፈርድበትም። «ትልቅ መረጃ» ካልሽው ደግሞ የሆነ ከባድ ወሬ የሾለከ ይመስላል። ቅጹ ላይ ዘርዝረሽ ጻፊው፦ «ከብዙ ሕመምተኞች መዝገብ የተሰበሰበ የሕክምና መረጃ»። ረዘመ አይደል? ይርዘም።

መረጃና ማስረጃ ዘመዳሞች ናቸው፣ ግን አንድ አይደሉም። መረጃ ከመረዳት፣ ማስረጃ ከማስረዳት ይመጣል፤ መሄድ መሄጃን፣ መውሰድ መውሰጃን እንደሚወልድ ማለት ነው። በመረጃ እኔ እረዳለሁ፤ በማስረጃ ሌላውን አስረዳለሁ፣ ሲከራከረኝም አሳምነዋለሁ። በኮቪድ ጊዜ የሆነውን ላስታውስሽ። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ቤኔቮለንት ኤአይ የተባለ የለንደን ኩባንያ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተከማቸ የሳይንስ መረጃ ሲያስስ ባሪሲቲኒብን አገኘ፤ ለመገጣጠሚያ ብግነት ሲሰጥ የነበረ መድኃኒት ነው፣ ለኮቪድም ሊረዳ ይችላል አሉ። እዚህ ድረስ መረጃ ነው። ከዚያ በአሜሪካ መንግሥት የሚመራና 1,033 ሕመምተኞች የተሳተፉበት ሙከራ ተደረገ። ግማሹ ሬምዴሲቪር የተባለውን ፀረ ቫይረስ መድኃኒት ከባሪሲቲኒብ ጋር፣ ግማሹ ሬምዴሲቪርን ከፕላሴቦ ጋር በዕጣ ወሰደ። ባሪሲቲኒብ የደረሳቸው በ7 ቀን ገደማ ሲያገግሙ ሌሎቹ 8 ቀን ገደማ ፈጀባቸው። ይሄ ማስረጃ ነው። ሌሎች ሙከራዎችም ተጨመሩና የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2022 ሙሉ ፈቃድ ሰጠው። እና ያንቺ ቅጽ ላይ ከመዝገብ የሚወሰደው መረጃ ነው። ማስረጃ የምትዪው ጥናቱ አልቆ ውጤቱ ሲወጣ ነው።

የቀረው «አስተውሎት» ነው። ቃሉ በዜናውም በጋዜጣውም ለምዷል፣ አልጣላውም። ኢንስቲትዩታችን ራሱ ግን የእንግሊዝኛውን ቃል ወስዶ ስሙን «የኢትዮጵያ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት» ብሎ ይዞታል፣ የቱንም ብትጠቀሚ የሚቆጣሽ የለም። እኔን ትንሽ የሚቆረቁረኝ ማስተዋል በአማርኛ ከብልኅነት አልፎ ጨዋነትም ስላለበት ነው፤ «አስተዋይ ልጅ» ስንል ሒሳብ ይችላል ማለታችን አይደለም። ለእናትየው ተመልሰሽ ስታነቢላቸው «የኮምፒውተር ፕሮግራም» በያቸው። ልጆቻቸው ሲያወሩ ሰምተውት ይሆናል።