ጆሮ ለምን ይጮኻል?

ወንድሜ፣ ደብረ ብርሃን ወፍጮ ቤት ሲሠሩ ውለው ማታ ጋደም ሲሉ ሁለቱም ጆሮዎ ለምን እንደሚጮኽ ጠይቀዋል። የጆሮ ጩኸት ምልክት እንጂ ራሱን የቻለ በሽታ አይደለም። በውስጠኛው ጆሮ፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት በሚመስለው ክፍል ውስጥ፣ ድምፅን ወደ ነርቭ መልእክት የሚለውጡ ፀጉር መሰል ሕዋሳት አሉ፤ እነዚህ በከባድ ድምፅ ብዛት ሲጎዱ ወደ አንጎል የሚደርሰው መልእክት ስለሚቀንስ፣ አንጎል ጉድለቱን ለማካካስ ሲሞክር የሌለ ድምፅ እንደሚያሰማ ይታመናል። የሞቱት ሕዋሳት ዳግም አይተኩም። በቀን ለ8 ሰዓት 85 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) እና ከዚያ በላይ የሆነ ድምፅ ጆሮን ይጎዳል፤ ከአጠገብዎ ካለው ሰው ጋር ለመነጋገር መጮኽ ግድ ከሆነብዎ ከልኩ አልፏልና የጆሮ መድፈኛ ሳያደርጉ አይሥሩ።

ኩክም ያስጮኻል። አባቴ በክብሪት እንጨት ሲጠርጉ ይበልጥ ወደ ውስጥ ገፍተውት ነበር፤ ጩኸቱ የተዋቸው ባለሙያ ለብ ባለ ውኃ ካጠበላቸው በኋላ ነው። እንደ ጄንታማይሲን (ፀረ ባክቴሪያ) እና ኩዊኒን (የወባ መድኃኒት) ያሉ መድኃኒቶች፣ አስፕሪንም ሲበዛ፣ ያስከትሉታል። ጩኸቱ በአንድ ጆሮ ብቻ ከሆነ፣ እንደ ልብ ምት ከመታ ወይም መስማት በድንገት ከቀነሰ ግን ቀን ሳይቆጥሩ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።