በመኪና ገብቶ የተራራ ጫካ ውስጥ ማደር፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ሰላም ወገኖች። የተከለለ ቦታ፣ ቧንቧም መጸዳጃም በሌለበት የተራራ ጫካ በፎር ዊል መኪና ገብቶ ስለማደር ብዙዎቻችሁ በየግላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ዛሬ ሁሉም በሚያየው ቦታ ልመልስ። አስቀድሜ ሁለት ነገር ልበል። ጫካው አስተዳዳሪ አለው። መግባት፣ ማደርና እሳት ማንደድ መፈቀዱን ሳታረጋግጡ አትነሱ። ሌላው፣ የመኪናችሁን ዓይነት፣ የምታድሩበትን ከፍታና ስንት ሌሊት እንደምትቆዩ ሳትነግሩኝ "ምን ትመክረናለህ?" አትበሉኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለዚህ ጉዞ የትኛው መኪና ይሻላል?

መልስ፦ ያለህ መኪና። ፎር ሎው (አራቱንም ጎማ በዝግታ ግን በጉልበት የሚያዞረው ማርሽ) ካለው፣ ሆዱ ከመሬት ከፍ ካለና ጥገናው በጊዜው ከተደረገለት ይበቃሃል። ቀጣይ።

ጥያቄ፦ የእኔ መካከለኛ ስቴሽን ዋገን ነው። አስፋልት ላይ የጎማውን ንፋስ 35 ፒኤስአይ አድርጌ ነው የምነዳው። ድንጋያማው የጫካ መንገድ ላይ ስንት ላድርገው? ሁለት ሌሊት፣ 2800 ሜትር ላይ ነው የምናድረው።

መልስ፦ ተባረክ፣ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የተነፋ ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ በጠባብ ቦታ ነው የሚቆመው። ክብደቱ ሁሉ እዚያች ቦታ ላይ ያርፋል። ስለት ያለው ድንጋይ ሲያገኘው ይቆረጣል። ሲተነፍስ ግን ድንጋዩን እንደ እጅ አቅፎ ያልፋል። ሰው የሚመስለው ጎማው ወደ ጎን ሰፍቶ እንደሚይዝ ነው። ይበልጥ የሚጨምረው ግን መሬት የሚነካው ክፍል ርዝመት ነው። ማየት ከፈለግህ ጎማው አጠገብ ተንበርከክና አስተንፍሰው። አየሩ "ሽሽሽ" እያለ ሲወጣ የታችኛው ጉንጩ ቀስ ብሎ ሲያብጥ ታያለህ። መሬቱን የያዘው ክፍልም ወደፊትና ወደኋላ ይረዝማል።

አሁን ቁጥሩ። ለአንተ መኪና ድንጋያማ ጥርጊያ ላይ ከ25 እስከ 28። ጭቃው ከበረታ 20 ገደማ። ከ15 በታች ተይዞ መውጫ ሲጠፋ ብቻ ነው፤ መሪ ድንገት ስታዞር ጎማው ከቸርኬው ሊወልቅ ይችላል። ጭነትህ ከበዛ ከእነዚህ ትንሽ ከፍ አድርግ። አስተንፍሰህ ስትነዳ ፍጥነትህ ከ40 ኪሎ ሜትር በሰዓት አይለፍ። አስፋልት ከመያዝህ በፊት ደግሞ መልሰህ ንፋ። የተነፈሰ ጎማ በፍጥነት ሲሄድ እየታጠፈ ይግላል፣ ከዚያ ይፈነዳል። ስለዚህ የጎማ መንፊያ ኮምፕረሰር ሳትይዝ አታስተንፍስ።

ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። ከፍታ ስትጨምር የውጭው አየር ይሳሳል። ስለዚህ ጎማው ውስጥ ምንም ሳትጨምር የንፋስ መለኪያው ጌጅ በየ1000 ሜትሩ 1.5 ፒኤስአይ ያህል ከፍ ብሎ ያነብባል። በሌላ በኩል አየሩ በየ1000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ቅዝቃዜው ደግሞ 1 ፒኤስአይ ያህል ይቀንስብሃል። ሁለቱ ሊቀራረቡ ነው። ዋናው ጎማው ሳይግል፣ ጠዋት ከመነሳትህ በፊት መለካት ነው።

ባለ ፒክአፑ፦ ጋሼ፣ በአክብሮት ልቃወም። እኔ ለዓመታት ሳላስተነፍስ ነድቻለሁ፤ ምንም አልሆንኩም። ማስተንፈስ ጊዜ ማባከን ነው።

አንዲት አባል፦ ወንድሜ፣ ባለፈው ከእኔ ጋር ስትወጣ ስኮርታህን ሁለት ጊዜ አላወረድክም? እኔ ራሴ ነኝ ክሪኩን የያዝኩልህ።

ባለ ፒክአፑ፦ እሱ የጎማው እርጅና ነው።

አንዲት አባል፦ የሁለታችንም ጎማ አንድ ቀን ነው የተገዛው።

መልስ፦ በቃ፣ በቃ። ፒክአፕህን ስትጭንና ሳትጭን የኋላው ጎማ የሚፈልገው ንፋስ ይለያያል። ባዶውን እየነዳህ የጭነት ንፋስ ይዘህ ከሆነ ወገብህም ያውቀዋል። አንድ ጊዜ ሞክረውና ከዚያ እንከራከር።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጎማ ስንት ፒኤስአይ ይሁን?

መልስ፦ ከላይ አንብብ። አሁን ጽፌዋለሁ።

ጥያቄ፦ ረጅም ቁልቁለት ያስፈራኛል። ፍሬኔ ይበቃ ይሆን?

መልስ፦ መፍራትሽ ልክ ነው፣ እህቴ። አንድ ጊዜ ጓደኛዬ ከፊቴ በሦስተኛ ማርሽ ይወርዳል። የፍሬን መብራቱ አንዴም አልጠፋም። ትንሽ ቆይቶ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ በመስኮቴ ገባ። በሬዲዮ "ቁም" አልኩት። ሲረግጠው ፔዳሉ ወለል ነካ። መኪናውን ከዳገቱ ጎን ካለው አፈር ጋር አስደግፎ ነው የተረፈው። የሆነው ይህ ነው፦ ፍሬኑ ሲግል ዘይቱ ይፈላል፤ በፈሳሹ ምትክ አረፋ ትረግጪያለሽ።

ስለዚህ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ቁሚ። ፎር ሎው አስገቢ፣ አንደኛ ማርሽ ያዢ። ሞተሩ መኪናውን ይያዘው። ፍሬን በአጭር በአጭሩ ብቻ ንኪ። ማኑዋል ከሆነ ፍሪሲዮን አትርገጪ፤ ከረገጥሽ መኪናውን ለቀሽው ማለት ነው። የፍሬን ዘይትሽም እርጥበት እየሳበ ስለሚሄድ ከጉዞው በፊት ይታይልሽ።

ለሁላችሁም የምለው፦ ወደ ታች የምትሄዱበትን መንገድ ወደ ላይ መመለስ እንደምትችሉ ሳታውቁ አትውረዱ። ወርዳችሁ አደራችሁ፤ ሌሊት ዘነበ፤ ጠዋት ያ ቁልቁለት የጭቃ ዳገት ሆኖ ይጠብቃችኋል። መመለሻውን ሳታስቡ አትግቡ።

ጥያቄ፦ ጣሪያ ላይ የሚገጠም ድንኳን ወይስ መሬት ላይ የሚተከል?

መልስ፦ የምርጫ ጉዳይ ነው።

አንድ አባል፦ የጣሪያው ነዋ! ከእርጥበትም ከነፍሳትም ትገላገላለህ።

ሌላ አባል፦ ሌሊት ሽንት ሲመጣ በመሰላል ስትወርድ አይሃለሁ። ደግሞ ውሃ ለመቅዳት መኪናውን ማንቀሳቀስ ብትፈልግ ቤትህን ማፍረስ አለብህ።

አንድ አባል፦ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው!

መልስ፦ ይህ ክርክር አያልቅም። ከክብደቱ ጋር የተያያዘውን ብቻ ልናገር። የመኪናችሁ መመሪያ መጽሐፍ ጣሪያው በጉዞ ላይ ስንት ኪሎ እንደሚችል ይናገራል። ድንኳኑን ከፖርቶመጋላው ጋር ደምሩና አስተያዩ። በዚያ ላይ ጀሪካንና ስኮርታ ጣሪያ ላይ አትጫኑ። ጎኑ ያዘነበለ መንገድ ላይ እላይ የተቀመጠ ክብደት ነው መኪና የሚገለብጠው። ከባዱ እታች፣ በሁለቱ አክስሎች መሃል ይሁን። መብረቅ ሲኖር ደግሞ ከሁለቱም ድንኳን ወጥታችሁ መኪናው ውስጥ ግቡ፣ መስኮቱን ዝጉ።

ጥያቄ፦ ጭቃ ከያዘኝ እንዴት ነው የምወጣው?

መልስ፦ ጎማው ከዞረና ካልሄደ ወዲያው እግርህን ከነዳጁ ላይ አንሳ። እየቆፈርክ ነው። ውረድ፣ ጎማውን ይበልጥ አስተንፍስ፣ ከፊቱ ያለውን ጭቃ በአካፋ ጥረግ። ብዙ ጊዜ ይኸው ይበቃል።

መጎተት ከመጣ ግን አስተውል። ተሳቢ የሚታሰርባት ኳስ ላይ ገመድ አትሰር። ድንገተኛ ጉተታን እንድትችል አልተሠራችም። ስትሰበር እንደ ጥይት ነው የምትወረወረው፤ በመስታወት አልፋ ሰው ትገድላለች። ከሻንሲው ጋር በቡሎን የታሰረ መጎተቻ ከሌለህ ከጉዞው በፊት አስገጥም። ሰው ሁሉ ቢያንስ ከገመዱ ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ ይራቅ።

ጥያቄ፦ የእኔ መኪና መጎተቻ የለውም፣ ግን ኳሷ በጣም ወፍራም ናት። ለአንድ ጊዜ አትችልም?

መልስ፦ አትችልም። ኳሷ ላይ ገመድ አትሰር! ይህን ጥያቄ በየጊዜው ነው የምሰማው፤ በየጊዜውም ያስደነግጠኛል።

ጥያቄ፦ ወንዝ ማቋረጥስ?

መልስ፦ በእግር አቋርጠህ ያላየኸውን በመኪና አታቋርጥ። በእግርህ መቆም ካስቸገረህ መኪናውንም ይወስደዋል። ሞተሩ ውሃው ውስጥ ከጠፋ ደግመህ አታስነሳው። ውሃ እንደ አየር አይታመቅም፤ ሲሊንደር ውስጥ ከገባ ፒስተን የያዘውን ዘንግ ያጣምማል።

ጥያቄ፦ ምን ምን ይዤ ልሂድ?

መልስ፦ የት? ለስንት ቀን? ስንት ሆናችሁ? እንዲህ ሲጠየቅ መልስ የለኝም ብዬ ነበር። ውሃ በሰው በቀን 4 ሊትር ያዝ። ነዳጅ ደግሞ ፎር ሎው ላይ ፍጆታው እጥፍ ሊሆን እንደሚችል አስበህ አስላ። ሌላውን ዝርዝር ስትልክልኝ እናያለን።

ጥያቄ፦ ምን ዓይነት ምግብ ይሻላል? ፍሪጅና ሶላርስ?

መልስ፦ ስለ ምግብ ከእኔ የተሻለ የሚያውቁ አሉ። ሶላርም የእኔ ነገር አይደለም። እኔ የምለው ምግብ ድንኳን ውስጥ አይደር ነው፤ አውሬ ይጠራል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የስድስት ዓመት ልጄን ይዤ 3000 ሜትር ላይ ለማደር አስቤያለሁ። ብርዱም ከፍታውም አሳስቦኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ሐኪም አማክሪ። በተቻለ መጠን የመጀመሪያውን ሌሊት ዝቅ ያለ ቦታ እደሩ። ከ2500 ሜትር በላይ የከፍታ ሕመም ሊጀምር ይችላል። ልጅ "ራሴን አመመኝ" ለማለት ላይችል ይችላል። መነጫነጭ፣ ምግብ እምቢ ማለት፣ ማስመለስ ካየሽ ድካም ነው ብለሽ አትለፊው። ወደ ታች ውረዱ። መድኃኒቱ መውረድ ነው። ለዚህም ነው መኪናችሁን ሌሊትም ቢሆን መውጣት እንዲችል አፍንጫውን ወደ መውጫው አዙራችሁ የምታቆሙት።

ለብርዱ ከላይ ከምትደርቢው ይልቅ ከሥር የምታነጥፊው ይበልጣል። ሙቀትሽን የሚወስደው መሬቱ ነው። ከሰል ግን ድንኳን ውስጥም መኪና ውስጥም አይግባ። ፍሙ ጭስ ባይኖረው እንኳ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ሞተር አስነስቶ ለሙቀት መተኛትም እንደዚያው ነው። "መስኮት ትንሽ ከፍቼ"ም አይሠራም።

አንድ አባል፦ እኛ ሁልጊዜ ከሰሉ ነጭ እስኪሆን ጠብቀን ነው የምናስገባው። ያኔ አደጋ የለውም።

መልስ፦ አለው! ነጭ የሆነው ፍምም ይገድላል። እባካችሁ ይህን ወሬ ለሌላ ሰው አታስተላልፉ።

ጥያቄ፦ የምናድርበትን ቦታ እንዴት እንምረጥ?

መልስ፦ ፀሐይ ከመጥለቋ ሁለት ሰዓት በፊት ድረሱ። ብርሃን ሳለ ቀና በሉና ዛፎቹን እዩ። የደረቀ ዛፍ ወይም የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ ሥር ድንኳን አይተከልም፤ ነፋስ ባይኖርም ይወድቃል። ደረቅ ወራጅ ውስጥ አትደሩ። ዝናቡ ሩቅ ላይ ዘንቦ ጎርፉ እናንተ ጋ ሊደርስ ይችላል። ከውሃ 60 ሜትር ያህል ራቁ። ለመጸዳጃም ያንኑ ርቀት ጠብቃችሁ፣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ቆፍራችሁ ቅበሩ። ረጅም ደረቅ ሣር ላይ መኪና አታቁሙ፤ የጋለ ማርሚታ ሣር ያቀጣጥላል። ሌላ ሰው ያደረበት የተራቆተ ቦታ ካለ እሱን ተጠቀሙ፤ አዲስ አትክፈቱ።

እሳት ከተፈቀደና ካነደዳችሁ ከመተኛታችሁ በፊት ውሃ አፍስሱበት፣ በእንጨት አማስሉ፣ ደግማችሁ አፍስሱ። ከዚያ የእጃችሁን ጀርባ አስጠጉ። ሙቀት ከተሰማችሁ እንደገና ከመጀመሪያው። አፈር ብቻ አልብሶ መሄድ አይበቃም፤ እሳት በሥር በሥር ሄዶ ከሰዓታት በኋላ ሌላ ቦታ ይወጣል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ነገ ጠዋት ልንወጣ ነበር። ሁለት መኪና ነን። ግን ዛሬ ሙሉ ቀን ሲዘንብ ዋለ። ትንበያው ነገ ከሰዓት ያበራል ይላል። እንሂድ?

መልስ፦ ሁለት መኪና መሆናችሁ ጥሩ ነው። ነገ ግን አትሂዱ። ዝናቡ ቢያቆምም ጫካ ውስጥ ያለው ጥላ መንገዱን ቶሎ አያደርቀውም። በጭቃው ስትሄዱ የምትቆፍሩት ቦይ ለሚቀጥለው ዝናብ መውረጃ ይሆናል፤ መንገዱ ይቆረጣል። ሁለት ቀን ጠብቁ። የምትገቡበትን መንገድና የምትመለሱበትን ሰዓት የነገራችሁት ሰው ካለ አሁኑኑ ደውሉና አዲሱን ቀን ንገሩት። ያልነገራችሁት ከሆነ ደግሞ ዛሬ ማታ አንድ ሰው ምረጡ።